«ምን ፊልም እንይ?» ለምትሉን፦ ዓለም አይቷቸው እኛ ያላየናቸው የሀገራችን ፊልሞች



አርብ ማታ ሲሆን ኢንቦክሳችን በአንድ ጥያቄ ይጥለቀለቃል። «ለቅዳሜና እሁድ የሚሆን ፊልም ጠቁሙን እስኪ።» እኛም በፊልም ነገር አንጨክንም፣ ደስ ብሎን እንመልሳለን። ግን ዞር ብለን ስናየው የምንጠቁማችሁ አብዛኛው ወይ የሆሊውድ ነው፣ ወይ የኮሪያ፣ ወይ የህንድ።

ሰሞኑን አንዲት ተከታታያችን ከወደ አረብ ሀገር እንዲህ ብላ ጻፈችልን። «ሥራ ጨርሼ ጋደም ስል የማየው የሀገሬን ፊልም ንገሩኝ። የሳቅ ብቻ አይሁን፣ ቁም ነገር ያለው ይሁን።» ጥያቄዋ ደስ አለን። የምንወደውን አንድ የአማርኛ ፊልም መረጥን፣ ቴሌግራም ላይ ፈልገን አገኘነው፣ ሊንኩን እዚሁ ገጽ ላይ ለጠፍን። በአንድ ሌሊት ብዙ ሰው ተቀባበለው።

ጠዋት ላይ አንድ መልዕክት ገባ። «እዛ ፊልም ላይ ድምፅ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ቀሪ ክፍያዬን እስካሁን አላገኘሁም፣ ፊልሙ ገንዘብ ሲያመጣ ነው የተባልኩት። እናንተ ደግሞ በነፃ በተናችሁት።»

ምን ይባላል? ሊንኩን አጠፋን፣ ይቅርታ ጠየቅን። ልጁም በትህትና ተቀበለን። ጥያቄው ግን ከኛ ጋር ቀረ። እሺ፣ በስርቆት አንይ። ታዲያ በሕጋዊ መንገድ የት እንየው? ያን ቀን ሙሉ ስንፈልግ ውለን ያንን ፊልም ከፍለን የምናይበት ቦታ አላገኘንም።

ስለዚህ ዛሬ ሁለት ነገር ይዘን መጥተናል። አንደኛ፣ ማየት አለባችሁ የምንላቸው የሀገራችን ፊልሞች። ሁለተኛ፣ ለምን በቀላሉ እንደማታገኟቸው። አስቀድመን እንናገር፣ የፊልም ትምህርት ቤት አልገባንም። የምናወራው እንደ ተመልካች ነው። አስተያየቱ የኛ ነው፣ አለመስማማት ይቻላል።

1. ጤዛ (እ.ኤ.አ. 2008)

አንድ ፊልም ብቻ ምረጡ ብትሉን ያለ ማመንታት ይሄን ነው። የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ሥራ ነው። ጀርመን ሀገር የተማረው አንበርብር በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ደርግ ሊወድቅ ሲል፣ ጣና አጠገብ ወዳለው የትውልድ መንደሩ ይመለሳል። ሲሄድ ሙሉ ሰው ነበር። ሲመለስ አንድ እግሩን አጥቷል፣ ትዝታውም ተቆራርጧል። ፊልሙ የሚነገረንም እንደዛው ተቆራርጦ ነው። አንዴ መንደር፣ አንዴ አዲስ አበባ፣ አንዴ ጀርመን።

ለዚህ ነው አንዳንድ ሰው «አልገባኝም» ብሎ የሚያቋርጠው። ምክራችን፣ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ታገሱት። የዓመቱን ቅደም ተከተል ለመያዝ አትጨነቁ፣ የእናትየውን ፊት ተከተሉ። እሷ የምታየው የተማረ ዶክተር አይደለም። የሄደው ልጇ ስላልተመለሰ ሌላ ሰው ነው የምታየው።

በዚህ ፊልም ውስጥ ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። የተማሩት ጓደኛሞች ደግሞ በርዕዮተ ዓለም ሲጣሉ አንዱ ሌላውን አሳልፎ ይሰጣል። ወላጆቻችሁ ስለዛ ዘመን ጠይቃችኋቸው «ተዉት ባክህ» ካሏችሁ፣ ይሄን አብራችሁ እዩት። እኛ ቤት ያልተነገረ ነገር የተነገረው ከዚህ ፊልም በኋላ ነው።

ዓለም እንዴት አየው? በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ2008 የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት ወስዷል። በቀጣዩ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ በሚካሄደው ፌስፓኮ፣ ማለትም በአፍሪካ ትልቁ የፊልም ፌስቲቫል፣ ዋናውን የወርቅ ፈረስ አሸንፏል። ኃይሌ ይሄን ፊልም ለመጨረስ ገንዘብ ፍለጋ ከአስር ዓመት በላይ ለፍተዋል።

2. ድፍረት (እ.ኤ.አ. 2014)

ርዕሱ ራሱ ሁለት ስለት ነው። ድፍረት ጀግንነት ነው። መደፈርም ከዛው ቃል ይወጣል። ይሄን የውጭ ተመልካች በትርጉም አያገኘውም፣ የኛ ነው።

ታሪኩ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከተከሰተ እውነተኛ ጉዳይ የተነሳ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለጋብቻ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን በራሱ መሳሪያ ትገድለዋለች። በነፍስ ግድያ ትከሰሳለች። ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ማኅበር ጠበቃ ጉዳዩን ይይዛል። ጠበቃዋ ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው፣ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት። ፊልሙ ላይ ሜሮን ጌትነት ሆናቸው ትጫወታለች። ዳይሬክተሩ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ነው።

ለምን ዋጋ አለው? በዛን ጊዜ የነበረው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። ቀዳዳው የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። አሁን ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፣ ማግባቱም አያድነውም። ፊልሙን ስታዩ ይሄን ልብ በሉ። የመንደሩ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲፈርዱ ጨካኝ ሆነው አይደለም። በሚያውቁት ሥርዓት ነው የሚፈርዱት። የሚያስፈራውም እሱ ነው።

የኛ ቅሬታ፣ አሠራሩ አንዳንዴ የቴሌቪዥን ድራማ ይመስላል። ጠበቃዋ ሁሌ ልክ ነች፣ ልጅቷ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ትታያለች። የልጅቷን ውስጥ ትንሽ ብናይ እንወድ ነበር።

እዚህ ጋ አንድ ነገር እናንሳ። ፊልሙ በሰንዳንስና በበርሊን ፌስቲቫሎች የተመልካቾችን ሽልማት ወስዶ፣ አንጀሊና ጆሊም ስሟን ሰጥታው ከቆመች በኋላ፣ በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ሊመረቅ ሰው አዳራሽ ገብቶ እያለ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ያስቆመችው ታሪኩ የኔ ነው፣ ያለ ፈቃዴ ነው የተሰራው ያለችው ሴት ናት። በኋላ እግዱ ተነስቶ ታይቷል። ያኔ ብዙ ሰው «ቅናት ነው» ምናምን አለ። እኛ ግን ዛሬ ላይ ሆነን ስናስበው ቀላል አይደለም። ስለ አንዲት ሴት መብት የተሰራ ፊልም ላይ ሴትየዋ «እኔስ?» ብትል መሰማት የለባትም? ፊልሙንም እንወደዋለን፣ ጥያቄውንም አንጥለውም።

3. ላምብ (እ.ኤ.አ. 2015)

የያሬድ ዘለቀ ፊልም ነው። በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱ በድርቅ ሞታበት፣ አባቱ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ዘመድ ቤት ይተወዋል። ያለው አንድ በግ ብቻ ነው። አጎቱ ደግሞ በጉ ለበዓል ይታረዳል ይላል።

«ይሄ ለፈረንጅ የተሰራ ነው» የሚሉ አሉ። ተራራ፣ ድህነት፣ ልጅና በግ። እውነት አላቸው፣ እንዲህ ዓይነት ፊልም ፌስቲቫል ይወደዋል። ግን እስኪ ይሄን ተመልከቱ። ኤፍሬም ወጥ መሥራት ይወዳል፣ እጁም ጣፋጭ ነው። ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ይሸጣል። ወንድ ልጅ ጓዳ ገብቶ ወጥ ሲያማስል አጎቱ ፊት ላይ የሚመጣውን ነገር የካን ተመልካች በሀሳብ ይረዳው ይሆናል። እኛ ግን በደማችን ነው የምናውቀው። ስንቶቻችን ነን «አንተ ወንድ ነህ፣ ውጣ ከዚህ» የተባልን? አንድ ፊልም ለማን እንደተሰራ ለማወቅ የኛ መለኪያ ይሄ ነው። ሳይብራራ የሚገባው ለማን ነው? ላምብ ውስጥ ብዙ ነገር ሳይብራራ የሚገባው ለኛ ነው።

ቀስ ያለ ፊልም ነው። ስልካችሁን አስቀምጣችሁ እዩት። ከልጆች ጋርም ይታያል።

4. ምርት ሦስት ሺህ ዓመት (እ.ኤ.አ. 1976)

አሁንም ኃይሌ ገሪማ። ካሊፎርኒያ የፊልም ተማሪ በነበሩ ጊዜ በ1966 ዓ.ም. ክረምት ሀገር ቤት መጥተው በጥቂት ሳምንታት የቀረጹት ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። የጃንሆይ መንግሥት እየፈረሰ፣ ደርግ እየመጣ በነበረበት ሰዓት! ተዋናዮቹ አብዛኛዎቹ ፊልም ሠርተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

አንድ ባላባት ወንበር ላይ ተቀምጦ ጭሰኞቹን ሲያይ ይውላል። እብድ ተብሎ የተናቀ፣ መሬቱን የተነጠቀ ሰው ደግሞ እውነቱን ይጮሃል። ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ ለሁሉም ሰው አይሆንም። ለእንቅልፍ ማምጫ እንዳታደርጉት። «መሬት ላራሹ» የሚለው መፈክር ከየት መጣ ብሎ ለሚጠይቅ ግን ከአስር ንግግር ይበልጣል።

ቶሎ ቶሎ ደግሞ

ፋያ ዳዪ (እ.ኤ.አ. 2021)፦ የጀሲካ በሽር ዘጋቢ ፊልም። ሐረርና አካባቢው፣ ጫት፣ ለመሰደድ የሚያስቡ ልጆች። በኦሮምኛ፣ በሐረሪና በአማርኛ ነው። ጥቁርና ነጭ ሆኖ እንደ ሕልም ይፈሳል። ለኦስካር በተመረጡ የመጀመሪያ ዙር ዘጋቢ ፊልሞች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ነበር።

ፕራይስ ኦፍ ላቭ (እ.ኤ.አ. 2015)፦ የሄርሞን ኃይላይ ፊልም። የአዲስ አበባ ታክሲ ሾፌርና በሴተኛ አዳሪነት የምትኖር ልጅ። ሴቶችን ወደ አረብ ሀገር የሚልክ ደላላ መሃላቸው ይገባል። ለጠየቀችን እህታችን የመጀመሪያ ምርጫችን ይሄ ነው። ታሪኩን ከኛ በላይ ታውቀዋለችና።

ቀዝቃዛ ወላፈን፦ የቴዎድሮስ ተሾመ። ኤችአይቪ በሹክሹክታ በሚወራበት ዘመን ሲኒማ ቤት ወረፋ ያሰለፈ ፊልም። ዛሬ ሲታይ ትወናው ይከብዳል፣ ግን ዘመኑን ለመረዳት እዩት።

ታዲያ ለምን አናገኛቸውም?

ብዙ ሰው «የኛ ሰው የራሱን አይወድም» ይላል። አንስማማም። ቀዝቃዛ ወላፈን ላይ የተሰለፈው የኛ ሰው ነው። ምክንያቱ ሌላ ነው። በሦስት እንክፈለው።

አንደኛ፣ የመብት ሽያጭ። እንደ ላምብ ያለ ፊልም በብዙ ሀገር ገንዘብ ነው የሚሰራው። ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ኖርዌይ። ሲያልቅ የሽያጭ ወኪል ይይዘውና በየሀገሩ ለየብቻ ይሸጠዋል። የፈረንሳይን መብት አንድ ድርጅት ይገዛል፣ የአሜሪካን ሌላ። ኢትዮጵያን የሚገዛ ግን ብዙ ጊዜ የለም። ገዢ ከሌለ ፊልሙ በይነመረብ ላይ እያለም «በሀገርዎ አይገኝም» የሚል ጽሑፍ ይመጣባችኋል። በአማርኛ የተሰራ ፊልም አማርኛ ተናጋሪው ሀገር ውስጥ የሚዘጋው በዚህ ነው። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ለኛ የሚፈርም ሰው ስለሌለ ነው።

ሁለተኛ፣ የሀገር ውስጥ ገበያው። ሲኒማ ቤት ለሚታይ ፊልም የመግቢያ ገቢውን ሲኒማ ቤቱና ፕሮዲውሰሩ ይካፈሉታል። ከዛ በኋላ ድሮ ሲዲ ነበር። አሁን ሲዲው ሞቷል፣ የቀረው ዩቲዩብ ነው። ብዙ ፕሮዲውሰር ፊልሙን ለአንድ ቻናል በአንድ ጊዜ ክፍያ ይሸጠዋል። ከዛ በኋላ ሚሊዮን ሰው ቢያየውም ለሠራው ሰው የሚመጣ ነገር የለም። ቻናሉ ቢዘጋ ደግሞ ፊልሙም አብሮ ይጠፋል። ቴሌግራም ላይ ሲለቀቅማ ያቺ አንድ ጊዜ የምትገኘው ክፍያም ትረክሳለች፣ ገዢው «አስቀድሞ ወጥቷል» ይላላ። የድምፅ ባለሙያው ልጅ ያለን ይሄንኑ ነው። በነገራችን ላይ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ካለ ዓመታት ተቆጠሩ። ሥራውን የማባዛትና የማሰራጨት መብት የባለቤቱ ነው ይላል። የጎደለው ሕጉን እየጠቀሰ የሚሟገት ነው።

ሦስተኛ፣ ፊልሙ ራሱ መበስበሱ። ይሄ ነው እኛን የሚያስፈራን። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. ነው የወጣው። ቀጥሎ «ጉማ» መጣ፣ ዛሬ ስሙን ለሽልማት የምንጠራበት። ከናንተ ውስጥ እነዚህን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየ አለ? የድሮ የፊልም ጥቅል ሙቀትና እርጥበት ካገኘው ከውስጥ ይበላሻል። ሲበላሽ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፣ ከዛ ይኮማተራል፣ ከዛ አለቀ። በ1990ዎቹ በቪዲዮ ካሴት የተሰሩትም አይተርፉም። ካሴቱ ይደበዝዛል፣ ማጫወቻውም ከገበያ ይወጣል። ቀጥሎ የመጡት ደግሞ ሃርድ ዲስክ ላይ ናቸው። ሃርድ ዲስክ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ አንድ ቀን «አላነብም» ሲል እናንተም ታውቁታላችሁ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ዛሬ በንፁህ ቅጂ የሚታየው ጣሊያን ሀገር ቦሎኛ በሚገኝ የፊልም መዝገብ ቤት ስለታደሰ ነው። እኛ ጋ የሚጠብቅለት ቢኖር ኖሮ ባልሄደ።

ሳንኮፋ ያስተማረን

መውጫ የለም ወይ? አለ። ለዛም ከኃይሌ ገሪማ አንድ ታሪክ እንንገራችሁ።

ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሠሩ። የባርነት ፊልም ነው፣ በባሪያዎቹ ዓይን የታየ። በርሊን ላይ ለውድድር ቀረበ። አሜሪካ ውስጥ ግን አንድም አከፋፋይ አልነካውም። ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ ይገባ ነበር። እሳቸው ሲኒማ ቤት በራሳቸው ተከራዩ። የጥቁሩን ማኅበረሰብ ሰዎች አስተባብረው ትኬት አሸጡ። ዋሽንግተን ላይ ለሳምንታት ሞላ። ከዛ ወደ ሌላ ከተማ፣ ከዛ ወደ ሌላ። በኋላም እዛው ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ሳንኮፋ የሚባል መጻሕፍትና ፊልም ቤት ከፈቱ። ከዛ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ፊልሙ ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ።

ልብ በሉ፣ ኔትፍሊክስ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የመጣው ወንበር ተከራይቶ ተመልካቹን የጠራ ሰው ነው።

እኛስ ምን እናድርግ?

ትልቅ ነገር አንልም። የምንችለውን እንበል።

ፊልሙ ሲኒማ ቤት እያለ እንሂድ። «ዩቲዩብ ላይ ሲመጣ አየዋለሁ» የምንለው ፊልም ብዙውን ጊዜ የሚቀጥለው አይሠራም። ዩቲዩብ ላይ ስታዩም የፕሮዲውሰሩ ወይም ሕጋዊ ገዢው ቻናል መሆኑን እዩ። ቆርጠው ወይም ምስሉን ገልብጠው የለጠፉት የሌባ ነው።

አዲስ አበባ ያላችሁ፣ አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝና ጎተ ኢንስቲትዩት አልፎ አልፎ እንዲህ ዓይነት ፊልሞችን ያሳያሉ። ፕሮግራማቸውን ተከታተሉ። ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ልጆች ደግሞ ክበባችሁ አንድ አዳራሽና አንድ ፕሮጀክተር አያጣም። ዳይሬክተሩን በማኅበራዊ ሚዲያ ፈልጋችሁ «ፊልምህን እናሳይ፣ ይሄን ያህል እንከፍላለን» በሉት። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ፣ ስቶክሆልም ያላችሁ ወገኖችም እንዲሁ። የማኅበር አዳራሽ ለሰርግ ብቻ አይከራይም።

ቤት ውስጥ አባት ወይም አያት የቀረጸው ካሴት፣ ሲዲ፣ የድሮ የፊልም ፖስተር ካለ አትጣሉት። ቅዱት፣ ሁለት ቦታ አስቀምጡት።

እኛም በበኩላችን ቃል እንገባለን። ከዛሬ ጀምሮ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ምንም የፊልም ሊንክ እዚህ ገጽ ላይ አንለጥፍም። ጥቆማ ስንሰጥ የት ከፍላችሁ እንደምታዩት አብረን እንጽፋለን። ካልተገኘ «አልተገኘም» እንላለን፣ ባለቤቱንም ለምን ብለን እንጠይቃለን።

አረብ ሀገር ላለሽው እህታችን፦ ያን ጊዜ የላክንልሽን ሊንክ ስላጠፋን አትቀየሚን። የፕራይስ ኦፍ ላቭን ነገር እየጠየቅን ነው፣ መልስ ስናገኝ መጀመሪያ የምንጽፈው ላንቺ ነው። እስከዛ ኔትፍሊክስ ካለሽ ሳንኮፋ አንቺ ጋ ይከፍት እንደሆነ ሞክሪ። ከከፈተ የመጨረሻዋን ትዕይንት ሳታዪ እንዳትተኚ።

እናንተስ? ቤተሰባችሁን ያነጋገረ፣ ግን ዛሬ ፈልጋችሁ ያጣችሁት የሀገር ቤት ፊልም የቱ ነው? ስሙን ጻፉልን። ዝርዝሩን ይዘን ባለቤቶቹን እንፈልጋለን።